«ስደተኛው ልጅ» እና «ዘ ፖኤት ኤክስ»፦ ከ14 ዓመት ልጅ ጋር የተነበቡ ሁለት ልቦለዶች

የወንድሜ ልጅ 14 ዓመት በሞላት ሳምንት፣ እዚህ ለንደን ከሰፈራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሁለት ልቦለዶች ተዋስሁ። መጀመሪያ ብቻዬን አነበብኋቸው፤ ቀጥሎም ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ሳምንታት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእርሷ ጋር ተቀምጬ ደገምኋቸው። ሁለቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉና በተለይ ለወጣት አንባቢዎች የተዘጋጁ ናቸው። አንደኛው በብሪታንያዊው ገጣሚ በቤንጃሚን ዜፋናያ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ2001 በብሉምስበሪ አሳታሚነት የወጣው «ረፊውጂ ቦይ»፣ በእኛ ቋንቋ «ስደተኛው ልጅ» ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው፣ የአሜሪካዊቷ ገጣሚ የኤሊዛቤት አሴቬዶ «ዘ ፖኤት ኤክስ» ነው።

በአማርኛ አንድ ልጅ «ለአቅመ አዳም ደረሰ»፣ አንዲት ልጅ «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች» የምንለው አካላቸው ለትዳር ሲበቃ ነው። እነዚህ ልቦለዶች የሚተርኩት እድገት ግን ከዚህ ይለያል፤ ልጁ ወላጆቹ የወሰኑለትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ኅሊና መርምሮ የሚፈርድበትን ዕድሜ ነው። እኔ በልጅነቴ ከተረት መጽሐፍ በቀጥታ ወደ አዋቂዎች ልቦለድ ስለዘለልሁ፣ በመካከል ስላለው ስለዚያ ዕድሜ የሚናገር መጽሐፍ በእጄ አልገባም ነበር። ስለዚህ ሁለቱን መጻሕፍት የመዘንሁበት ሚዛን አንድ ነው፦ ደራሲው ወላጁን ምን አድርጎ ጽፎታል? ለወጣቶች በሚጻፉ ልቦለዶች ውስጥ ወላጅ ብዙ ጊዜ ወይ ከገጹ እንዲጠፋ ይደረጋል፣ ወይም እንቅፋት ብቻ ሆኖ ይቆማል፤ በሁለቱም መንገድ ልጁ ሳይፈተን ያድጋል።

የ«ስደተኛው ልጅ» ባለታሪክ የ14 ዓመቱ ዓለም ኬሎ፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ልቦለዱ የሚከፈተው በሁለት አጫጭር ትዕይንቶች ነው። በመጀመሪያው ኢትዮጵያ ውስጥ ሌሊት ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ወታደሮች በሩን ሰብረው ይገባሉ፣ መሣሪያ ይደግናሉ፣ አገር ለቀው እንዲወጡ ያዝዛሉ። በሁለተኛው ኤርትራ ውስጥ ሌሎች ወታደሮች ያንኑ ያደርጋሉ። ሁለቱ ትዕይንቶች ቃል በቃል ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያዩት በአገሩ ስምና ጠላት ተብሎ በሚፈረጀው ወላጅ ብቻ ነው። ከመላው መጽሐፍ ከሥነ ጽሑፍ አንጻር ከሁሉ የሚልቀው ክፍል ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ደራሲው ስለ ጦርነቱ ምንም ፍርድ ሳይሰጥ፣ አንዱን ገጽ በሌላው ላይ በማስቀመጥ ብቻ፣ ልጁ በዓለም ላይ የሚቆምበት አንድ ጋት መሬት እንዳጣ ያሳየናል።

ይህን ክፍል ስናነብ የወንድሜ ልጅ መጽሐፉን ዘግታ «አክስቴ፣ ይህ እውነት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እርሷ የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ከግንቦት 1990 እስከ ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ስለቆየው ጦርነት በቤት ውስጥ የሰማችው ከሁለት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። ሁለቱም መንግሥታት የሌላውን አገር ተወላጆች ማባረራቸውን፣ ከኢትዮጵያ ብቻ ወደ 75 ሺህ የሚገመቱ ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸው ሰዎች መውጣታቸውን፣ አንድ አልጋ ላይ ያደሩ ባልና ሚስት በድንበር ሁለት ወገን መለያየታቸውን፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ስምምነት ሲታወጅና የስልክ መስመር ሲከፈት ሰዎች ለዓመታት ድምፃቸውን ያልሰሙትን ዘመዶቻቸውን እንዳገኙ ነገርኋት። ያ ቅዳሜ ሙሉውን በዚህ አለቀ፤ ከልቦለዱ ያነበብነው ስድስት ገጽ ያህል ብቻ ነበር። አንድ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ጨዋታ ካስነሣ የተከፈለበትን ዋጋ መልሷል ብዬ አምናለሁ።

ከመክፈቻው በኋላ አባት ልጁን ለዕረፍት በሚመስል ጉዞ ወደ እንግሊዝ ያመጣዋል። ለንደንን ያስጎበኘዋል፤ ዳቸት በምትባል መንደር በሚገኝ ሆቴል ያድራሉ። ሲነጋ አባት የለም። የሆቴሉ ሰው ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ በደብዳቤውም አባት ልጁን ለደኅንነቱ ሲል እንደተወውና እርሱ ወደ እናቱ እንደተመለሰ ያስረዳል። ዜፋናያ ወላጁን ከገጹ ያጠፋው እንዲህ ነው። መጥፋቱ ግን ከሌሎች ልቦለዶች ይለያል፤ ወላጁ በመሄዱ ምክንያት በእያንዳንዱ ምዕራፍ ይበልጥ ይታያል፣ ልጁም የሚያድገው አባቱ በዚያች ሌሊት የወሰነውን ውሳኔ መላልሶ እየመዘነ ነው።

ከወንድሜ ልጅ ጋር ያንን ደብዳቤ ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞከርን። ሐሳቡ የእርሷ ነበር። ለእርሷ የአማርኛ ደብዳቤ ማለት አያቷ ለአባቷ ይጽፉለት የነበረው፣ ወንድሜ በመሳቢያ የሚያኖረው ዓይነት ነው፤ «ለጤናህ እንደምን አለህ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብሎ የሚጀምር። በዚህ ሥርዓት ስንጀምር እጃችን ተያዘ። ልጁን በሌላ ሰው አገር ጥሎ የሄደ አባት «እኔ ደኅና ነኝ» ብሎ መጻፍ አይችልም፤ ሰላምታውን ትቶ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ቢገባ ደግሞ በአማርኛ ደብዳቤው የቁጣ ይመስላል። ሦስት ጊዜ ጽፈን ሦስቴም ሰረዝን። በመጨረሻ «ልጄ ሆይ» የሚለውን ብቻ አስቀርተን ሰላምታውን አወጣነው። የ14 ዓመቷ ልጅ በዚያ ከሰዓት በኋላ ስለ ገጸ ባሕሪው አባት ያወቀችው ነገር፣ ስለ መጽሐፉ ከሚሰጥ ከማንኛውም የክፍል ጥያቄ የሚበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልቦለዱ የስደተኞች ጉዳይ ሠራተኞችን፣ ሬዲንግ ከተማ የሚገኝ የልጆች መኖሪያ ቤትን፣ ቀጥሎም በምሥራቅ ለንደን ማኖር ፓርክ የሚኖረውን የፊትዝጄራልድ አሳዳጊ ቤተሰብ እያስከተለ ይሄዳል። ጥገኝነት ጠያቂ መሆን በተግባር ምን ማለት እንደሆነ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ጠበቃ ለልጅ እንዴት እንደሚያስረዳ፣ ይግባኝ ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ በግልጽ ያሳያል። ይህ ክፍል ለአንዳንድ አንባቢ ደረቅ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እጅግ ከበሬታ የሚገባው ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም በማኅበረሰባችን ውስጥ ብዙ ወላጆች በዚህ መንገድ አልፈው ስለ መንገዱ ለልጆቻቸው አንዲት ቃል ያልተናገሩ ናቸው። ልጁ የወላጁን ዝምታ ከወረቀት ላይ ሲያነበው ቢያንስ የዝምታው ቅርጽ ይገባዋል። የወላጆቹን መጨረሻ አልናገርም፤ ታሪኩ ግን ከሐዘን የሚሸሽ አይደለምና፣ በቤቱ የቅርብ ሐዘን ያለበት ልጅ ብቻውን ባያነበው እመርጣለሁ።

ጉድለቶቹን ሳልሸፍን ልናገር። ንግግሮቹ ብዙ ጊዜ አንባቢውን ለማስተማር የተጻፉ ስለሚመስሉ፣ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ሦስተኛ ሰው ቆሞ የሚያዳምጣቸው ያህል ይሰማል። ፊትዝጄራልዶች እጅግ ደጎች ናቸው፤ ደግነታቸውን የሚፈትን እውነተኛ ቅሬታ በቤቱ ውስጥ በበቂ አይነሣም። ከሁሉም በላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሕይወት የቀረበበት ዝርዝር የሳሳ ነው፤ ዓለም የሚናፍቀው ቤት ሽታ የለውም፣ እናቱ የምታወጣው ድምፅ አይሰማም፣ ጎረቤት ስሙን ሲጠራው አንሰማም። ስሙ ራሱ ለአማርኛ አንባቢ ትንሽ ያደናቅፋል፤ «ዓለም» ብቻውን ሲጠራ አብዛኞቻችን ሴት ልጅ ትታየናለች፣ ወንድ ከሆነ ዓለማየሁ ወይም ዓለምሰገድ መባሉን እንጠብቃለን። በሌላ በኩል አንድ 14 ዓመት የሞላው ልጅ በባዕድ አገር የጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ «ዓለም» ተብሎ መመዝገቡ፣ ትርጉሙን የሚያውቅ አንድም ሰው በክፍሉ አለመኖሩ፣ ደራሲው ያሰበውም ይሁን ያላሰበው፣ ለእኛ የሚሰጠው ሐዘን አለው።

ዜፋናያ እ.ኤ.አ. በ1958 በበርሚንግሃም ከካሪቢያን ከመጡ ወላጆች ተወልዶ በ13 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣ፣ ማንበብና መጻፍ እጅግ ያስቸግረው የነበረ ሰው ነው። በኋላም ግጥሙን በመድረክ እየተናገረ ታወቀ፤ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. አረፈ። የመጽሐፉን ቋንቋ ቅለት የተረዳሁት ይህን ካስታወስሁ በኋላ ነው። እርሱ የሚጽፈው መጽሐፍ ለሚወድ ልጅ አይደለም፤ መጽሐፍ ለሚፈራ ልጅ ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር፣ ዐረፍተ ነገሮቹ ቀጥተኛ ናቸው፤ እንግሊዝኛን ገና በመማር ላይ ያለ፣ በቅርብ ከአዲስ አበባ ወይም ከአስመራ የመጣ ልጅም ያለ መዝገበ ቃላት ብዙ ገጽ ሊሄድበት ይችላል። ይህ ልዩ ጥቅም በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ከተጠቀሱት ጉድለቶች ጋር ሲመዘን፣ ለእኔ ጥቅሙ ያመዝናል።

ልቦለዱን ለመድረክ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በሊድስ ከተማ የታየውን ተውኔት የጻፈው ለምን ሲሳይ መሆኑ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው። ለምን ሲሳይ ከኢትዮጵያዊት እናት እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝ ተወልዶ፣ «ኖርማን» የሚል ስም ተሰጥቶት፣ በአሳዳጊ ቤተሰብና ከዚያም በልጆች መኖሪያ ቤቶች ያደገ፣ እውነተኛ ስሙን ያወቀው ወደ ጉልምስና ሲቃረብ የሆነ ገጣሚ ነው። የዓለም ኬሎን ታሪክ ከእርሱ የበለጠ ሊያዘጋጅ የሚችል ሰው ማሰብ ያስቸግራል። ይህን ለወንድሜ ልጅ ስነግራት «ለምን» የሚለው ስም ጥያቄ መሆኑን ከእኔ ቀድማ አየችው።

አሁን ወደ «ዘ ፖኤት ኤክስ» ልሻገር። ባለታሪኳ ሲዮማራ ባቲስታ በኒውዮርክ ሃርለም የምትኖር፣ ወላጆቿ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጡ፣ 16 ዓመቷን የምትይዝ ልጅ ናት። መጽሐፉ ከ350 ገጽ ያልፋል፤ ነገር ግን በግጥም የተጻፈ ስለሆነ ብዙዎቹ ገጾች ግማሽ ነጭ ናቸው፣ ሁለት ቅዳሜ ብቻ ወሰደብን። አሴቬዶ ከደራሲነቷ በፊት በማሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት የነበረች፣ ተማሪዎቿ በመጽሐፍ ውስጥ ራሳቸውን የሚያገኙበትን ታሪክ ስትፈልግ መጻፍ እንደጀመረች የተናገረች ሴት ናት። ልቦለዱ በአሜሪካ የ2018ቱን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በወጣቶች ዘርፍ አግኝቷል፤ በብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2019 የካርኔጊ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ይህን ሜዳሊያ ነጭ ካልሆኑ ደራሲያን መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደችው እርሷ ናት።

በዚህ መጽሐፍ ወላጅ አይጠፋም፤ ከክፍል ክፍል ይከተላል። የሲዮማራ እናት በወጣትነቷ መነኩሲት ለመሆን የተመኘች፣ አሁን የቢሮ ሕንፃ እያጸዳች ልጆቿን የምታሳድግ፣ ቅዳሴ የማታስታጉል ሴት ናት። ልጅቷ በሰውነቷ ማደግ ምክንያት በመንገድ ላይ ወንዶች ሲያስቸግሯት እናት ጥፋቱን በእርሷ ላይ ታሳብባለች። ከአንድ ወንድ ጋር በባቡር ላይ ታይታ ስትያዝ በማርያም የጸሎት ሥፍራ ፊት በሩዝ ላይ ታንበረክካታለች። ይህን ስናነብ እኔ ዝም አልሁ፤ ልጅቷ ዝምታዬን አይታ «በእናንተም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። በእኛ ሩዝ አልነበረም፣ ጠጠር ነበር፤ የሚያንበረክከንም ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ነበር። የጉልበቱን ምልክት ማሳየት ባልችልም የሕመሙን ዓይነት ነገርኋት።

አሴቬዶ የደረሰችበት ከፍታ ያለው እዚህ ነው። እናትየዋን ጨካኝ አድርጋ ለመተው ቀላል ነበር፤ እርሷ ግን ከክፋት ይልቅ ፍርሃትን ጽፋለች። እናትየዋ የምትፈራው ዓለሙን ነው፣ የምታውቀው ብቸኛ መጠጊያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ልጇን ወደዚያ መጠጊያ የምትጎትትበት ክንድ ልጇን የሚሰብር መሆኑን አታይም። የመጽሐፉ ከባዱ ትዕይንት እናት የልጇን የግጥም ደብተር አግኝታ የምታቃጥልበት ነው። እየተቃጠለ ሳለ ልጅቷ ግጥሞቿን በቃሏ ትጮኻለች፣ እናት ደግሞ በጸሎት ትመልሳለች፤ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱ ድምፆች ሲጋጩ፣ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ፣ ሁለቱም በቃል የተያዙና በዜማ የሚወጡ መሆናቸው ይገባናል። ዳዊት በቃሉ ሲደግም ያደገ ማንኛውም ሰው ይህን ትዕይንት ከማንም በፊት የሚረዳው ይመስለኛል።

የወደድሁት ሌላው ነገር የካህኑ ሥፍራ ነው። አባ ሾን የልጅቷን ጥያቄ እንደ ክህደት አይቆጥሩትም፤ መልስ ለሌላቸው ጥያቄዎች መልስ ያላቸው አይመስሉም፣ በኋላም እናትና ልጅን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጡት እርሳቸው ናቸው። ለወጣቶች በሚጻፉ ልቦለዶች ውስጥ የሃይማኖት አባት እንዲህ በክብርና በእውነት ሲቀርብ ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። የእኛ ቤተሰቦች ንስሐ አባት ያላቸው፣ የቤት ጠብ በሽማግሌ የሚፈታባቸው ናቸውና ይህ ክፍል እንግዳ አይሆንባቸውም።

መጽሐፉ ድክመት የለውም ማለት አይደለም። አባትየው በገጾቹ ዳር እንደ ጥላ የቆመ ነው፤ ከእናትየዋ የተለየ ምን እንደሚያስብ ሙሉ በሙሉ አናውቅም። መንትያ ወንድሟ የሚሸከመው ምስጢር ራሱን የቻለ ታሪክ የሚገባው ሆኖ ሳለ በሲዮማራ ታሪክ ጥግ ተትቷል። እርቁም ከቃጠሎው ክብደት ጋር ሲነጻጸር ፈጠን ብሎ ይመጣል፤ አንድ ሃያ ገጽ ተጨምሮለት ቢሆን ኖሮ እናትየዋ ለምን እንደተመለሰች ይበልጥ ባመንኋት ነበር። ወላጆች አስቀድመው ማወቅ የሚገባቸው ደግሞ መጽሐፉ ስለ ሰውነት፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ፍትወት ስሜት ያለ መሸፋፈን የሚናገር መሆኑን ነው። ከ14 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አልሰጠውም፤ ለ14 ዓመት ልጅም ቢሆን መጽሐፉን ሰጥቶ ከመሸሽ ይልቅ አብሮ መቀመጥ ይሻላል። «ስደተኛው ልጅ» ግን ለ12 ዓመት ልጅ የሚከብድ አይመስለኝም።

የትኛው ይበልጣል የሚለኝ ሰው ካለ፣ በድርሰት ጥበብ «ዘ ፖኤት ኤክስ» ያለ ጥርጥር ይበልጣል። መጀመሪያ በቤት ውስጥ እንዲገባ የምመክረው ግን «ስደተኛው ልጅ» ነው። የዜፋናያ መጽሐፍ ልጁ ስለ ወላጁ እንዲጠይቅ ያደርገዋል፤ የአሴቬዶ መጽሐፍ ወላጁ ስለ ራሱ እንዲጠየቅ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያው ባልተነሣበት ቤት በድንገት ቢመጣ ጠብ ይመስላል። እኛ በዚህ ቅደም ተከተል ስላነበብናቸው፣ በሩዙ ገጽ ላይ ስንደርስ ልጅቷ እኔን ለመጠየቅ አልፈራችም።

የ«ዘ ፖኤት ኤክስ»ን በድምፅ የተቀረጸ ቅጂ ያነበበችው ራሷ አሴቬዶ ናት። ግጥም ከአፍ ሲወጣ ሌላ ሕይወት አለውና ለማንበብ ጊዜ የሌለው ወላጅ ከሥራ መልስ በአውቶቡስ ላይ ቢሰማው የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ያውም የስፓኒሽኛ ቃላቱ በድምፅ ሲሰሙ ከወረቀቱ ይልቅ ይገባሉ። የወንድሜ ባለቤት እየሰማችው ያለችው እንዲህ ነው። ሌሊት ሥራ ስለምትሠራ መንገድ ላይ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ያህል ትሰማለች። ባለፈው ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደብተሩ ወደ ተቃጠለበት ቦታ መድረሷን ነገረችኝ፤ ከዚያ ወዲያ እንዳልቀጠለችም ጨመረች፣ ምክንያቱም ቀሪውን ከልጇ ጋር ሆና መስማት እንደምትፈልግ ወስናለች።